የአስታማሚን ድካም በምን እንለካው? በተቀጣሪ ደሞዝ ወይስ በቀረ ገቢ?

ጽኑ ሕመምተኛ የሚያስታምም የቤተሰብ አባል ደሞዝ የለውም። ሥራው ግን ዋጋ አለው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት የቤት ውስጥ ሥራን ጨምሮ ያልተከፈለበትን እንክብካቤ አስልቶ ከዓለም ጠቅላላ ምርት 9 በመቶ ያህል አግኝቶታል፣ ያውም በዝቅተኛው የሰዓት ደሞዝ።

ስሌቱ ሁለት ዋና መንገድ አለው። አንደኛው “ይህን ተቀጣሪ ቢሠራው ስንት ይከፈለው ነበር?” ይላል። ሁለተኛው አስታማሚው ሥራውን ትቶ ያጣውን ገቢ ይቆጥራል።

ለሥራው ዋጋ ለመስጠት ከሆነ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ለምን መሰላችሁ? በሁለተኛው ስሌት እናቷን የምታገላብጥ ሐኪም ሰዓቷ ውድ ነው፣ ሚስቱን እንደዚያው የሚያገላብጥ ጡረተኛ ግን ዜሮ ሊሆን ነው። ድካሙ እኮ አንድ ነው! እርግጥ የመጀመሪያውም ይቸገራል፤ የበሽተኛውን ትንፋሽ እያዳመጠ በእንቅልፍና በንቃት መሃል ያደረ ሰው ስንት ሰዓት ሠራ ይባላል?

የቤተሰቡን ጉዳት ለማወቅ ግን ሁለተኛው ይሻላል። የቀረውን ደሞዝ ብቻ ሳይሆን ያመለጠውን የሥራ እድገትና የሳሳውን ጡረታም ያሳያል።