የሴት እንቁላልን ማቀዝቀዝ፦ በዝግታ ወይስ በቅጽበት?

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት) ልትጀምር ያለች ሴት እንቁላሏን ማስቀመጥ ከፈለገች ሐኪሟን ቀድማ ትጠይቅ። ሆርሞን ተወግታ እንቁላሉ እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ኬሞው ከተጀመረ በኋላ መሯሯጥ ብዙ አይጠቅምም።

የዝግታው ዘዴ ማሽን ይፈልጋል። ሙቀቱ −7 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በረዶው ከእንቁላሉ ራቅ ብሎ እንዲጀምር ይደረጋል። ከዚያ በደቂቃ 0.3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ወደ −30 ይወርድና በመጨረሻ −196 ዲግሪ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይገባል። ችግሩ እንቁላል ትልቅና ውሃ የበዛበት ሴል መሆኑ ነው፤ ሳይወጣ የቀረው ውሃ በረዶ ሲሆን ሴሉን ከውስጥ ይጎዳል።

የቅጽበቱ ዘዴ፣ ቪትሪፊኬሽን፣ በረዶ እንዲሠራ ጊዜ አይሰጥም፤ ፈሳሹ እንደ መስታወት ይጠጥራል። እንቁላሉ 10 እስከ 15 ደቂቃ በረዶ የሚከላከሉ ኬሚካሎች በጥቂቱ ባሉበት ፈሳሽ ከቆየ በኋላ እነዚሁ ኬሚካሎች ወደበዙበት፣ ማለትም 15 በመቶ ኤትሊን ግላይኮል፣ 15 በመቶ ዲኤምኤስኦና ስኳር ወዳለበት ይዛወራል። ዋናው ፈተና እዚህ ነው፦ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ብቻ። ካለፈ ኬሚካሉ ሴሉን ይመርዛል፤ ካነሰ ውሃው በቂ አይወጣም። ጠብታውም ከ1 ማይክሮሊትር ማነስ አለበት፣ አለዚያ ቅዝቃዜው ይዘገያል። ስለዚህ ውጤቱ በባለሙያው እጅ ላይ ነው።

ለእንቁላል ያለ ማመንታት ቪትሪፊኬሽንን እመርጣለሁ። የወንድ ዘር ግን ትንሽና ውሃው ጥቂት ስለሆነ በናይትሮጅን ትነት ላይ ማቀዝቀዝ ይበቃዋል፤ የከብት አዳቃዮች የሚይዙት ናይትሮጅንም ይኸው ነው።

በሁለቱም ዘዴ ናይትሮጅኑ ሁልጊዜ ይተናል። ማዕከል ስትመርጡ በታንኩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በየስንት ቀኑ እንደሚለካና ታንኩ ማንቂያ ደወል እንዳለው ጠይቁ።