የእርሻ ፈረስ በሚያረባ ጡረተኛ እጅ፦ የኒኮን ኩልፒክስ ፒ950 የወራት ግምገማ

ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ ጊዜዬን የማውለው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ እነርሱም በእንጅባራ አቅራቢያ የማረባቸው የእርሻ ፈረሶችና ፎቶግራፍ ናቸው። ኒኮን ኩልፒክስ ፒ950 የተባለውን ካሜራ የገዛሁት ክረምቱ እንደወጣ ሲሆን፣ ግንቦት እስኪገባ ድረስ ሳላቋርጥ ስሠራበት ቆይቻለሁ። ስለዚህ ካሜራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ጨረቃንና ወፎችን ስለማንሳቱ ነው። ፈረስ ለሚያረባ ሰው ግን ከዚያ የሚበልጥ ጥቅም እንዳለው ስለተረዳሁ፣ ያየሁትን በዝርዝር ለመጻፍ ወደድሁ።

ካሜራው ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ነው። ሌንሱ አይፈታም፣ አይቀየርም፤ ሆኖም በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ልኬት ከ24 ሚሊ ሜትር ሰፊ እይታ ተነሥቶ እስከ 2000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም 83 እጥፍ ማቅረብ ማለት ነው። ሌንሱ በሚቀየር ካሜራ ወደዚህ ርቀት ልጠጋ ብል በጡረታ አበል የማይታሰብ ገንዘብ ያስፈልገኝ ነበር፤ ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ዕቃውን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ትከሻ የለኝም። ፒ950 ባትሪውንና ካርዱን ጨምሮ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። አንገት ላይ ሲውል መክበዱ ስለማይቀር፣ ማንጠልጠያውን በደረቴ ላይ አሻግሬ በጎኔ መያዝን መርጫለሁ።

ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ርቀቱ ነው። ፈረስ አዳኝ አውሬን ሲሸሽ የኖረ እንስሳ በመሆኑ፣ ሰው እያየው መሆኑን ሲያውቅ ሕመሙን ይደብቃል። ባለቤቱ ሲቀርበው ጆሮውን አቁሞ፣ በአራቱም እግሩ ተስተካክሎ ይቆማል፤ ሰውየው ዘወር ሲል ግን የታመመውን እግር ያሳርፋል። ከግጦሹ ማዶ ካለው የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሌንሱን ስዘረጋ፣ ፈረሶቹ መኖሬን ሳያውቁ እንደ ልባቸው ሲሆኑ አያቸዋለሁ።

በኅዳር ወር ዳማ ባዝራዬ ወደ ውኃው በሶምሶማ ስትወርድ ከጎኗ በቪዲዮ ቀረጽኋት። ካሜራው በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ተከታታይ ምስል፣ ስለሚይዝ፣ ቤት ገብቼ በኮምፒውተር ላይ አዘግይቼ ስመለከተው የግራ የፊት እግሯ መሬት በነካ ቁጥር ራሷ ወደ ላይ ብድግ፣ ቀኙ ሲያርፍ ደግሞ ወደ ታች ዝቅ ይል ነበር። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ ሕመሙን ለማቅለል የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ራሱን ዝቅ የሚያደርገው በደህናው እግር ላይ ሲያርፍ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብሎ አጠገቧ ቆሜ እግሯን በእጄ ስዳብስ ምንም ምልክት አላሳየችኝም ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አይቶ በቀጥታ ወደ ግራ ሰኮናዋ ሄደ፤ ከሥር ጥቂት ሲፍቀው ጠቆር ያለ መግል ወጣ። ቁስሉ ታጥቦ ከታሸገላት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከሥራ አርፋ በደህና እግሯ ወደ እርሻ ተመለሰች።

በነገራችን ላይ ካሜራና ፈረስ ከጥንትም የተቆራኙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1878 ኢድዊርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ 12 ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ የምትጋልብ ፈረስ ያነሣው፣ የሰው ዓይን የማይደርስበትን የእግር አጣጣል ለማየት ነበር። በግልቢያ መካከል አራቱም እግሮች ከመሬት የሚነሡበት ቅጽበት መኖሩና ይህም የሚሆነው እግሮቹ ከሆድ ሥር ሲሰበሰቡ እንጂ ሠዓሊዎች ይስሉት እንደነበረው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲዘረጉ አለመሆኑ የታየው በእነዚያ ፎቶዎች ነው። ያ ሁሉ ካሜራ የጠየቀውን ሥራ ዛሬ አንድ ሽማግሌ በአንድ ካሜራ ከዛፍ ሥር ሆኖ ሊሠራው መቻሉ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሁለተኛው ጥቅም መዝገብ መያዝ ነው። እያንዳንዱን ፈረስ በየወሩ ከአንድ ጎን፣ ከአንድ ቦታና በተመሳሳይ የሌንስ ርዝመት አነሣዋለሁ። በየቀኑ የሚያዩት እንስሳ ቀስ በቀስ ሲከሳ አይታወቅም፤ የጥቅምቱንና የመጋቢቱን ፎቶ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ግን የጎድን አጥንቱ መውጣት፣ የዳሌው መሹለክና የአንገቱ መሳሳት በግልጽ ይታያል። ዘንድሮ ሣሩ ሲደርቅ ድርቆሽ ቀድሜ የጨመርሁት ይህን አይቼ ነው። የእርሻ ማሰሪያው በሚያርፍበት ደረትና ትከሻ ላይ ፀጉር መሳሳት ሲጀምርም፣ ቆዳው ሳይቆስል በፎቶው ላይ ይለያል። አንድ ጎረቤቴ ይህን ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ የእኔንም ፈረስ ትከሻ እስቲ ይዩልኝ፤ ቀንበር ሊጭኑበት ሲሉ መሸሽ ጀምሯል» ብሎ መጣ። በፎቶው ላይ አጉልቼ ሳሳየው አንድ ጣት የምታህል የተላጠች ቦታ አገኘን፤ እርሱም በዚያው ሳምንት ማሰሪያውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለለው።

ከዚህ ቀጥሎ የካሜራውን ወሰን መናገር ይገባኛል። ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ሴንሰር 1/2.3 ኢንች የሚባለው ትንሽ ዓይነት ነው፤ ይህን ያህል ርቀት በእጅ በሚያዝ ካሜራ ላይ ማግኘት የተቻለውም ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ነው። ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ በሰፊው እይታ 2.8 ሆኖ መጨረሻው ላይ ወደ 6.5 ይጠብባል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል ማለት ነው። ስለዚህ በአገራችን የማለዳ ጉም ውስጥ ወይም ጋጣ ውስጥ አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው የስሜት መጠን፣ ከ800 ሲያልፍ ፎቶው ይሻክራል። ቀትር ላይ ደግሞ ከታረሰ መሬት የሚነሣው ትኩስ አየር የሩቁን ምስል ያርገበግበዋል፤ ይህ የአየሩ ጠባይ ስለሆነ ሌንስ በመለወጥ አይፈታም። ጥሩው ሰዓት ፀሐይ ከወጣች በኋላ እስከ ረፋዱ ነው። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋው ሥርዓት በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ትልቅ እርዳታ ነው፤ ቢሆንም ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ክርኔን በአጥር ላይ አስደግፋለሁ።

ለፈጣን እንቅስቃሴ ካሜራው በሰከንድ 7 ፎቶ፣ በአንድ ጊዜም እስከ 10 ፎቶ ድረስ በተከታታይ ያነሣል፤ ከዚያ ያነሣውን ወደ ካርዱ እስኪጽፍ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን በሚገባ ያወቅሁት ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ላይ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር በአድዋ የዘመቱ ፈረሶችንና ፈረሰኞችን የሚያስብ ሲሆን፣ በበዓሉ ዕለት ያጌጡ ፈረሶች ሜዳውን ሞልተው ሽምጥ ይጋልባሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ጣትን መዝጊያው ላይ ተጭኖ መያዝ አያዋጣም። አንዱን ፈረሰኛ መርጦ፣ በሰፊው እይታ ጠብቆ፣ ከፊት ለፊት ሲደርስ ማንሳት ይሻላል። ከሌንሱ ጎን ያለችው ቁልፍ ስትጫን እይታው ለጊዜው ሰፍቶ ስትለቀቅ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ከዓይን የጠፋን ፈረስ መልሶ ለማግኘት ከእርሷ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

አምራቹ በአንድ ባትሪ 290 ያህል ፎቶ እንደሚነሣ ይገልጻል። ባትሪው በዩኤስቢ ገመድ ከፓወር ባንክም ስለሚሞላ መብራት በሚጠፋበት ቀን አያስቸግርም። ካሜራው ከዝናብና ከአቧራ የተከለለ ስላልሆነ የአዊ ክረምት ሲገባ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር አስቀምጠዋለሁ። የልጅ ልጆቼን ቤት ውስጥ ለማንሳት ስልክ ይበቃኛል፤ ሠርግና ግብዣ የሚያነሣ ሰውም ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ ቢገዛ ይሻለዋል። ከብት፣ ፈረስ ወይም በቅሎ ላለውና ከሩቅ ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን ይህንኑ እንዲገዛ እመክራለሁ። ተጨማሪ ገንዘብ ከተረፈው ከትሪፖድ በፊት አንድ ትርፍ ባትሪና የሌንሱን ፊት ከአቧራ የሚጠብቅ ባለ 67 ሚሊ ሜትር ንጹሕ ማጣሪያ ይግዛ።