የጎማ ሴንሰር የሚያውቁት የደብረ ማርቆስ ጎሚስታ

ከአሜሪካ የገባ ቶዮታ ይዛችሁ ጎጃም ውስጥ የምትነዱ ሰዎች፣ ይህን አንብቡልኝ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚያስወጣው መንገድ ዳር አንድ ጎሚስታ ቤት አለ። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ የተደረደሩ አሮጌ የአይሱዙ ጎማዎች ናቸው ምልክቱ። ዳሽቦርዴ ላይ ለወራት ሲያሳስበኝ የከረመው ቢጫ የጎማ ንፋስ ማስጠንቀቂያ መብራት የጠፋው እዚያ ነው። ምልክቱን ታውቁታላችሁ፤ የፈረስ ጫማ ይመስላል፣ መሀሉ ላይ ቃለ አጋኖ አለው።

ከዚያ በፊት ያልጠየቅሁት ሰው የለም። አንዱ ባለሙያ “ፕላስተር ለጥፊበት፣ ምንም አይልም” አለኝ። ሌላው ምንም ሳይፈትሽ አራቱንም ሴንሰር (ጎማው ውስጥ ሆኖ ንፋሱን እየለካ ለመኪናው የሚናገረውን) ቀይሪ ብሎ ዋጋ ነገረኝ። ሁለቱም አናደዱኝ። እኔ በአባይ በረሃ የምመላለስ ሰው ነኝ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ሲሄድ ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይፈነዳል። እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ይህ ሲደርስ ማሰብ አልፈልግም። መብራቱን አሜሪካኖች በሕግ ያስገደዱትም በደም ተምረው ነው። የፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች የፋየርስቶን ጎማቸው እየተላጠ ተገልብጠው ብዙ ሰው አለቀ። ሕጉ በፈረንጆቹ 2000 ወጣ፤ ከመስከረም 2007 ጀምሮ (ይህም በፈረንጆቹ) እዚያ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ይህ መብራት እንዲኖረው ተደረገ።

ወደ ጎሚስታው ልመለስ። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። መኪናዋን ሳይነኩ በፊት አንድ ነገር ጠየቁኝ።

“እታለም፣ ሞተር ስታስነሺ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል? ወይስ እንደበራ ቀጥ ይላል?”

“መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል፣ ጋሼ። ከዚያ በርቶ ይቀራል።”

“እንግዲያው የንፋስ ጉዳይ አይደለም። አንዱ ሴንሰር አልናገር ብሏል።”

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገሩ ግን ሁሉ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሳይል ከበራ፣ አንዱ ጎማ ንፋሱ ከሚገባው በሩብ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው። የእኔ መኪና በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይላል፤ ስለዚህ ወደ 24 ሲወርድ ይበራል። ማርቆስ ውስጥ በታኅሣሥ ማለዳ፣ የጮቄ ተራራ ብርድ ሲወርድ፣ ቀድሞውንም ዝቅ ያለ ጎማ ይህን መብራት ሊያበራ ይችላል። ሙቀቱ በአምስት ስድስት ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ንፋሱም አንድ ፒኤስአይ ያህል ይወርዳልና። ጎማው ሲሞቅ ይጠፋል፤ መፍትሔው መሙላት ነው። መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ችግሩ ራሱ መቆጣጠሪያው ላይ ነው። ያኔ ስትሞሉ ብትውሉ መብራቱ አይጠፋም።

እንደዚያም ሆኖ ዝም ብለው ወደ ሴንሰሩ አልሄዱም። አራቱንም ጎማ ለኩ፣ ስኮርታውንም ጭምር። አንዳንድ ቶዮታዎች ስኮርታው ውስጥም ሴንሰር ስላላቸው ነው። ከዚያ ልጃቸው በእጅ የሚያዝ ስካነር ይዞ መጣ። መሣሪያውን ከየጎማው የንፋስ መሙያ አፍ አጠገብ እያስጠጋ ዞረ። ሦስቱ መለሱለት፤ ንፋሱን፣ ሙቀቱን፣ የባትሪውን ሁኔታ። የኋላ ቀኙ ግን ዝም አለ።

እኔ ባትሪው አልቆ ነው ብዬ ነበር። መኪናዋ በፈረንጆቹ የ2010 ናት። የሴንሰር ባትሪ ውስጡ ታሽጎ የተሠራ ስለሆነ ለብቻው አይቀየርም፤ ዕድሜውም ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ቢሆን ነው። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው የመሙያውን አፍ አዩት። ሦስቱ ጎማዎች ላይ አፉ ብረት ነው። ይሄኛው ላይ ጥቁር ላስቲክ ነበር።

“ይሄ የካላማዳሪ አፍ ነው። ሴንሰሩን አውጥተው ጥለውታል” አሉ።

ቸርኬው ሲፈታ እንዳሉት ሆነ። ውስጡ ካላማዳሪ፣ ንፋስ የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ አለ። ሴንሰሩ የሚታሰረው ከመሙያው አፍ ጋር ነው። ካላማዳሪ ደግሞ የራሱን አፍ ይዞ ስለሚመጣ በዚያው ቀዳዳ ሁለቱ አይገቡም። መንገድ ላይ ጎማዬን የጠገነ አንድ ሰው፣ ለመለጠፍ ሰንፎ ካላማዳሪ አስገብቶ፣ ሴንሰሩን አስቀርቶታል ማለት ነው። አልነገረኝም። ለዚህ ይቅርታ የለኝም። ያለ ካላማዳሪ እንዲሠራ የተሠራ ጎማ ውስጥ ካላማዳሪ ሲገባ እየተፋተገ ይግላል። ሲቀደድም ንፋሱ በአንዴ ይወጣል። እኔ ያንን ይዤ ነው አባይ በረሃ ስወርድ የነበርኩት።

ጎማው ላይ የነበረችው የሚስማር ቀዳዳ ትንሽ ናት። ከውስጥ ለጠፏት፤ ውኃ ውስጥ ነክረው አረጋገጡልኝ።

ሴንሰሩ እሳቸው ጋ አልነበረም። ከአዲስ አበባ፣ ከሱማሌ ተራ፣ በአውቶቡስ አስመጡት። ከማዘዛቸው በፊት ግን ልጁ የሌሎቹን ሦስት ሴንሰሮች ፍሪኩዌንሲ፣ የሚናገሩበትን የሬዲዮ ሞገድ፣ አነበበ። የእኔዋ 315 ሜጋኸርዝ ናት። የአውሮፓ መኪኖች 433 ነው የሚጠቀሙት። በመልክ አይለዩም፤ በስህተት የመጣው ይታሰራል እንጂ አይናገርም። ሴንሰሩ ከታሰረ በኋላ ደግሞ ቁጥሩ መኪናዋ ኮምፒውተር ውስጥ መመዝገብ አለበት። ልጁ ስካነሩን ከመሪው ሥር ሰክቶ መዘገበው። በአማኑኤል መንገድ ትንሽ ነድተን ተመለስን። መብራቱ ጠፍቷል።

የበለጠ ያመንኳቸው ግን ከእኔ ቀጥሎ የመጣውን ሰው ሲያስተናግዱ ነው። ከአውሮፓ የመጣ ጎልፍ ይዞ ሴንሰር ሊገዛ መጥቶ ነበር። “ልጄ፣ ያንተ መኪና ጎማው ውስጥ ሴንሰር የለውም። በፍሬኑ ኤቢኤስ የጎማውን ዙር ቆጥሮ ነው የሚያውቀው። ንፋሱን አስተካክልና እንደ አዲስ እንዲመዘግብ አድርገው” ብለው ሸኙት። ሊሸጡለት ይችሉ ነበር።

የሚጎድላቸውም አለ። የባላንስ ማሽናቸው ተበላሽቷል፤ አዲስ የተገጠመ ጎማ ደግሞ ባላንስ ይፈልጋል። እኔ ባሕር ዳር ሄጄ ነው ያሠራሁት። መቀመጫም ጥላም የለም፤ በፀሐይ ቆሞ መጠበቅ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፕረሰሩም ሥራው ይቆማል። ዋጋው ግን አይጎዳም። ለእጃቸው የከፈልኩት ሴንሰሩን ከገዛሁበት ሩብ አይሞላም።

ከሄዳችሁ በጠዋት ሂዱ፤ የመኪናችሁ በር ላይ የተጻፈው የንፋስ ልክ የሚሠራው ለቀዘቀዘ ጎማ ነው። የመሙያውን ክዳን ፕላስቲክ አድርጉት፤ ሌላ ብረት ከሴንሰሩ አፍ ጋር ተጣብቆ አልፈታ ይላል። የትም ቦታ ጎማ ስታስፈቱ ደግሞ ቀድማችሁ “ሴንሰር አለው” በሉ፤ ጎማውን ከቸርኬው የሚያላቅቁበት ብረት ከመሙያው አፍ ርቆ እንዲያርፍም አጠገባቸው ቆማችሁ እዩ።