ለግራፊክስ ሥራ የቱ ሞኒተር? ባለ 4ኬ ወይስ ባለ ሰፊ ቀለም?

ጥር ሲገባ የጎንደር ዲዛይነር እንቅልፍ የለውም። የጥምቀት ቲሸርቱ፣ ባነሩ፣ የሠርግ ካርዱ ይደራረብበታል። ሞኒተር ልቀይር ሲል ታዲያ ሁለት ምርጫ ይገጥመዋል፦ 27 ኢንች ባለ 4ኬ፣ ወይም 24 ኢንች ሆኖ አዶቤ አርጂቢ የሚባለውን ሰፊ የቀለም ክልል የሚሸፍን።

ባለ 4ኬው 3840 በ2160 ፒክስል ነው። ካርድ ላይ ያለች ደቃቅ ፊደል እንኳ ጥርት ብላ ትታያለች፤ የ«ጿ»ን እግር ለመለየት ዙም ማድረግ የለም። ርካሾቹ ግን ቀለማቸው ከኤስአርጂቢ፣ ማለትም ከተለመደው ጠበብ ያለ የስክሪን የቀለም ክልል፣ ብዙም አያልፍም። ለቴሌግራም ፖስተር ይኼ በቂ ነው።

ጣጣው ሕትመት ላይ ነው። የማተሚያ ሲያን (ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም) ከኤስአርጂቢ ክልል ውጪ ይወጣል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ፈዘዝ ያለው ሰማያዊ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሌላ ሆኖ ቁጭ ይላል። ደንበኛውም «ያሳየኸኝ ይኼን ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ባለ ሰፊ ቀለሙ ይህን ክፍተት ያጠብባል።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ እንጀራው ከማተሚያ ቤት የሆነ ሰው ሁለተኛውን ይግዛ። ካሊብሬተር (የስክሪን ቀለም ለክቶ የሚያስተካክል መሣሪያ) ግን አብሮ ይግዛ፣ ካልሆነም ይዋስ። የስክሪን ቀለም በጊዜ ብዛት ይንሸራተታላ! ፒክስሉ ማነሱን ዓይን ይለምደዋል።