ለሴት ልጅ የኦቲዝም ምርመራ፦ በኤንኤችኤስ ወይስ በግል?

እንግሊዝ ለምንኖር ወላጆች ሁለቱም በር ክፍት ነው። በኤንኤችኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎት) በኩል ጂፒው፣ ማለትም የቤተሰብ ሐኪሙ፣ ሪፈር ይጽፋል፤ ክፍያ የለም። መመሪያው ምርመራው በ3 ወር ውስጥ ይጀመር ይላል። ወረቀት ላይ ነው እንጂ ብዙ ቤተሰብ ከዓመት በላይ ይጠብቃል።

በግል ሲሆን ወረፋው ያጥራል፤ ሂሳቡ ግን ብዙ ጊዜ ከ1,000 ፓውንድ ያልፋል። ከመክፈላችሁ በፊት ልጅቷን የሚያያት አንድ ሰው ነው ወይስ ቡድን ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው ብቻ ካያት ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ውጤቱን ላይቀበል ይችላል። ሌላው ነገር፣ ብዙ ሴቶች ልጆች ጓደኞቻቸውን እየኮረጁ ችግሩን ይደብቁታል። ትምህርት ቤት “ጨዋ ናት” ይሏታል፤ ቤት ስትገባ እንባዋ ይፈሳል። የእኛ ሰው ደግሞ “ዓይን አፋር ናት” ብሎ ያልፋታል። ስለዚህ ሴቶችን የማየት ልምድ ያለው መርማሪ መምረጥ መቻሉ የግሉ ትልቅ ጥቅም ይመስለኛል።

እኔ ብሆን ግን ኪሴን ከመንካቴ በፊት ጂፒውን ስለ “ራይት ቱ ቹዝ” (መርማሪ ድርጅት የመምረጥ መብት) እጠይቀው ነበር። ከኤንኤችኤስ ጋር ውል ያለው የግል ድርጅት ይመረምራታል፣ ሂሳቡን ኤንኤችኤስ ይከፍላል። ስኮትላንድና ዌልስ ውስጥ ግን አይሠራም። ለትምህርት ቤት ድጋፍ ደግሞ ውጤቱን አትጠብቁ፤ ያለ እሱም መጠየቅ ይቻላል።