የበረሮን ማልፒጊያን ቱቦ ለማሳየት የዲሴክሽን ኪቱ ይበቃል?

ማልፒጊያን ቱቦዎች የበረሮን ደም ከቆሻሻ የሚያጸዱ ክር መሰል አካላት ናቸው። ለትምህርት ቤት ላብራቶሪ የሚሸጠው ባለ ሰም ትሪ ኪት (እንስሳ ቆርጦ ውስጡን ለማየት የሚያገለግል የመሣሪያ ስብስብ) ለእንቁራሪት ጥሩ ነው፤ ለበረሮ ግን መቀሱ ወፍራም ነው። ጫፉ ጠልቆ ሲገባ አንጀቱን ይበሳውና ውስጡ ያለው ሁሉ ይደፈርሳል። ቀጭን ጫፍ ያለው መቀስ ለብቻ ይገዛ። ትሪው እንከን የለውም፤ ሰሙ መርፌ አጥብቆ ይይዛል።

በረሮው ፍሪዘር ውስጥ ከሞተ በኋላ ክንፍና እግሩ ይቆረጣል፤ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ሰሙ ላይ ይቸከላል። የሆዱን ግራና ቀኝ ዳር ቆርጦ የጀርባውን ቅርፊት ማንሳት፣ ከዚያ 9 ግራም ጨው በ1 ሊትር ውሃ በጥብጦ እስኪሸፍነው መጨመር ነው። ፈሳሹ ካነሰ ክር መሰሎቹ ቱቦዎች አንጀቱ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። ነጩ ስብ በቀስታ ይነሳ፤ በረሮ ዩሪክ አሲድ የተባለውን ቆሻሻ የሚያከማቸው እሱ ውስጥ ነው።

ቱቦዎቹ የመካከለኛውና የኋለኛው አንጀት መገናኛ ላይ ይገኛሉ፦ ከፀጉር የቀጠኑ፣ ወደ ቢጫ የሚያደሉ፣ ፈሳሹ ሲነካ የሚወዛወዙ። የሚያምር እይታ ነው! ብርማ ሆነው የሚያብረቀርቁት ግን የአየር ቱቦዎች ናቸው፤ ተማሪ አብዝቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማልፒጊያን ቱቦዎች ቆሻሻውን ከደሙ ስበው ወደ ኋለኛው አንጀት ያፈሳሉ፤ ሬክተሙ (የአንጀቱ መጨረሻ) ውሃውን መልሶ ስለሚመጠው የሚወጣው ደረቅ ነው።

ባለ 10 እጥፍ የእጅ ማጉያው ክሮቹን ያሳያል፤ አንድ እጅ ስለሚይዝ ግን እየቆረጡ ለማየት አይመችም። ባለ 20 እጥፍ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት እሱን ይጠቀም። ጨዉ ብረቱን ስለሚያዝግ መሣሪያው ወዲያው ታጥቦ ይድረቅ።