ዲጂቩዱ 2፦ የድሮ ጌምን ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር የሚያስታርቅ ሶፍትዌር

ባለፈው ክረምት ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ዊንዶውስ 11 ከተጫነልኝ በኋላ መጀመሪያ የሞከርኩት፣ በተማሪነት ዘመናችን ጅማ ኮቺ ሰፈር በነበረ ጌም ቤት በሰዓት እየከፈልን እንጫወተው የነበረውን ቫይስ ሲቲን ነው። ጌሙ ግን 640 በ480 የሆነ የምስል መጠን ማግኘት እንዳልቻለ የሚገልጽ መልእክት አሳይቶ ወዲያው ተዘጋ። መርካቶ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ስወስደው ባለሙያው ገና ሳይከፍተው «ወንድሜ፣ የዚህ ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል፤ ቦርዱ ካልተቀየረ አይሠራም» አለኝ። ፊልም ያለ አንዳች እንከን የሚያሳይ ላፕቶፕ ካርዱ ተቃጥሏል መባሉ ስላላሳመነኝ፣ አመስግኜ ይዤው ወጣሁ። ይህን ግምገማ የምጽፈውም በተመሳሳይ ምክንያት ለቦርድ ገንዘብ ሊያወጣ የተዘጋጀ ሰው ካለ፣ ከመክፈሉ በፊት ዲጂቩዱ 2 የተባለውን ሶፍትዌር እንዲሞክር ነው።

ሶፍትዌሩን የሠራው ዴጌ በሚል ስም የሚታወቅ ፕሮግራመር ሲሆን፣ ክፍያ የለውም፤ መጠኑም ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ ቢወርድ እንኳ ኪስ አይጎዳም። የድሮ ጌሞች ምስል የሚስሉት ለዘመናቸው ካርዶች በተዘጋጁ የትእዛዝ ዓይነቶች፣ ማለትም በቀደሙት የዳይሬክትኤክስ እትሞች ወይም በግላይድ ነው። የዛሬዎቹ ካርዶችና ድራይቨሮች እነዚህን ትእዛዞች የሚያስተናግዱት እንደ ነገሩ ነው፤ ኢንቴል ለምሳሌ በአርክ ካርዶቹና በ12ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ግራፊክስ ላይ ዳይሬክትኤክስ 9ን በቀጥታ መደገፉን ትቶ በትርጉም እንዲሠራ አድርጎታል። ዲጂቩዱ 2 ደግሞ በጌሙና በካርዱ መካከል ገብቶ፣ ከዳይሬክትኤክስ 1 እስከ 9 ያሉትንና የግላይድን ትእዛዞች እየተቀበለ ዘመናዊው ካርድ ወደሚገባው ዳይሬክትኤክስ 11 ወይም 12 ይለውጣቸዋል።

አጫጫኑ ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው፤ እንዲያውም መጫን የሚባል ነገር የለውም። ለግል ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ቫይስ ሲቲ የሚጠቀመው ዳይሬክትኤክስ 8ን በመሆኑ፣ ከወረደው ፎልደር ውስጥ ዲ3ዲ8 የሚባለውን ዲኤልኤል ፋይልና የመቆጣጠሪያ ፕሮግራሙን ገልብጬ ጌሙ ባለበት ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኳቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዊንዶውሱ ባለ 64 ቢት ስለሆነ ባለ 64 ቢቱን ፋይል በመውሰዱ ነው፤ ጌሙ ራሱ ባለ 32 ቢት ስለሆነ መወሰድ ያለበት ኤክስ86 በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለው ነው። እኔም በዚህ ስህተት አንድ ሙሉ ምሽት አባክኛለሁ፤ መብራቱም በመካከሉ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ትክክለኛውን ፋይል ካስቀመጥኩ በኋላ ሶፍትዌሩ ጌሙ የሚጠይቀውን መጠን ከራሱ ዝርዝር ስላቀረበለት መልእክቱ ጠፋ፣ ጌሙም ተከፈተ። ቀጥሎ ያጋጠመኝ ምስሉ በሰፊው ስክሪን ላይ ተለጥጦ ሰዉ ሁሉ ወፍሮ መታየቱ ነበር፤ ይህንንም በመቆጣጠሪያው ላይ የምስሉ ቁመትና ስፋት ምጣኔ እንዳይለወጥ የሚያዘውን ምርጫ በመንካት አስተካከልኩት፤ በግራና በቀኝ ጥቁር ጠርዝ ቢቀርም ከተለጠጠው ይሻላል። የጠርዞችን መሰንጠቅ የሚያለሰልሰውን ምርጫ እስከ 8 ከፍ ባደርገው ላፕቶፑ ስለሚግል፣ በ2 ላይ ትቼዋለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ያስደነቀኝ እ.ኤ.አ. የ1997ቱ ኒድ ፎር ስፒድ 2 ልዩ እትም ነው። ይህ ጌም ሙሉ ውበቱን የሚያሳየው ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ድርጅት በሚሠራቸው ቩዱ ካርዶች ላይ በግላይድ ሲሠራ ነበር፤ ካርዱ በሌለበት ግን ሥራው ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ስለሚወድቅ ምስሉ የተቆራረጠ ይሆናል። ኤንቪዲያ የድርጅቱን አብዛኛውን ንብረት ለመግዛት ከተስማማ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ካርዱን ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል፤ ጅማ ውስጥማ ያን ጊዜም ቢሆን አይቼው አላውቅም። ስለዚህ ለዓመታት የተጫወትነውን ጌም ትክክለኛ መልኩን ያየሁት ገና አሁን፣ ዲጂቩዱ 2 የግላይዱን ትእዛዝ ሲተረጉምልኝ ነው ማለት እችላለሁ።

በአንጻሩ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ዶርም ውስጥ ላፕቶፖቻችንን በኔትወርክ ገመድ አያይዘን እንጫወተው ለነበረው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ይህን ሶፍትዌር አልመርጥም። በጓደኛዬ የዊንዶውስ 7 ኮምፒውተር ላይ የጌሙ ሣር ወይን ጠጅ፣ ውኃው ቀይ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ምክንያቱ ጌሙ በአንድ ጊዜ 256 ቀለሞችን ብቻ ከአንድ ሠንጠረዥ እየመረጠ ስለሚሠራና ኤክስፕሎረር የተባለው የዊንዶውስ ክፍል ያንን ሠንጠረዥ ስለሚነካበት ነው። ዲጂቩዱ 2 ቀለሙን ቢያስተካክልም፣ ለእንዲህ ዓይነት ጠፍጣፋ ምስል (2ዲ) ጌሞች ሲኤንሲ-ዲድሮው የተባለው፣ እንዲሁ ነጻ የሆነው ሶፍትዌር ቀላልና ፈጣን ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት መቆጣጠሪያው ለጀማሪ ማብራሪያ በሌላቸው ምርጫዎች የታጨቀ በመሆኑና፣ ሲጀመር በምስሉ ጥግ ላይ የራሱን ምልክት ስለሚያሳይ ነው፤ ምልክቱን ግን ከዳይሬክትኤክስ ገጹ ላይ ማጥፋት ይቻላል። ኦፕንጂኤል በተባለው ሌላ የትእዛዝ ዓይነት የሚሠሩ ጌሞችን አይረዳም፤ ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ለዶስ የተሠራ ጌም ያለውም ዶስቦክስ የተባለውን ሶፍትዌር መፈለግ ይኖርበታል። አንዳንድ ጸረ ቫይረሶች መቆጣጠሪያውን በስህተት እንደ ቫይረስ ስለሚቆጥሩት፣ ከሰው ፍላሽ ከመገልበጥ ይልቅ ከአዘጋጁ ገጽ ማውረድ ይመረጣል። ካልተስማማችሁም የገለበጣችኋቸውን ፋይሎች ከጌሙ ፎልደር መሰረዝ ብቻ በቂ ነው፤ ጌሙ ወደነበረበት ይመለሳል።